ግልጽ ደብዳቤ ከአንድ የደሴ ሬዲዮ ጠጋኝ

ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ጁፒተርን ለማዳመጥ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጻፍልን ስለመጠየቅ

እንደምን ከረማችሁ? እኛ ደህና ነን። የጦሳ ተራራም እንደ ልማዱ ጉሙን ተከናንቦ ተቀምጧል።

ጉዳዩን አይታችሁ ሳቃችሁ ከመጣ አትታገሉት። ሳቁና ቀጥሉ።

እኔ ደሴ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። በዚህ ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ድሮ ሰው ሬዲዮውን በነጠላ ጠቅልሎ ነበር የሚያመጣልኝ። በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን ሳይሰማ የሚተኛ ሰው በሰፈራችን ጥቂት ነበር። አሁን የሚመጣልኝ የዲሽ ሪሲቨር፣ ስፒከርና የሶላር ቻርጀር ነው። ሬዲዮ ይዞ የመጣ እንደሆነ ሰውየው ጡረተኛ ነው።

አምና ክረምት ላይ አንዲት ልጅ የአባቷን ሬዲዮ ይዛ መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። እኔ ስፈታታ እሷ ቆማ ታያለች። ዝም ከማለት ብዬ ትምህርት እንዴት ነው አልኳት። የፕላኔቶቹን ስም በቃሏ አወረደችልኝ። ትልቁ ማን ነው? ጁፒተር። ጨረቃ አለው? ብዙ። የሰው ልጅ መንኮራኩር ልኮበታል? ልኳል። ከዚያ ጥያቄው ወደኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ እዚያ ደርሶ ቢበላሽስ ማን ይጠግነዋል?»

መበየጃዬን አስቀመጥኩት። ዕድሜ ልኬን ጠጋኝ ሆኜ ይህን ጠይቄ አላውቅም። «አንች ልጅ፣ የሳምንት ነይ፣ አጣርቼ እነግርሻለሁ» አልኳት። ሬዲዮው በሁለት ቀን ተሠራ። ማጣራቱ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ አነባለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ጠረጠረችኝ፤ ኋላ ጁፒተር መሆኑን ስታውቅ ተወችኝ።

ካገኘሁት ጥቂቱን ልንገራችሁ። እናንተ ታውቁት ይሆናል፤ ግን በጠጋኝ ዓይን አይታችሁት ይሆን? ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

በ1989 አሜሪካኖች ጋሊሊዮ የምትባል መንኮራኩር ላኩ። ስሟ በ1610 የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች በሩቅ ማሳያ መነጽር ካየው ሰውዬ የተወሰደ ነው። ዋናው አንቴናዋ እንደ ጃንጥላ ታጥፎ የሚዘረጋ ነው። ወርዱ 4.8 ሜትር፣ ዘንጎቹ 18። ሚያዝያ 1991 መንገድ ላይ እያለች «ተዘርጊ» ተባለች። ጥቂት ዘንጎች ተጣብቀው ቀሩ። ጃንጥላው ተንሻፎ ቆመ።

ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? መሐንዲሶቹ የደረሱበት ግምት የመኪና መንገድ ነው። በ1986 ቻሌንጀር የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር ስትፈነዳ የጋሊሊዮ ጉዞ ተራዘመ። ስለዚህ ከካሊፎርኒያ ፍሎሪዳ በጭነት መኪና ሄዳ፣ ተመልሳ፣ እንደገና ሄደች። በመንገዱ መንገጫገጭ ዘንጎቹ ላይ የተቀባው ማለስለሻ ተፋቀ። ይህን ሳነብ ሌሊት ብቻዬን ሳቅሁ። ከኮምቦልቻ ወረኢሉ በአይሱዙ ተጭኖ ሄዶ «አዲስ ነበር፣ አልሠራ አለ» ተብሎ የመጣልኝ ዕቃ ስንት ነው! ናሳን የጎዳው የኛው በሽታ ነው።

ብዙ ሞከሩ። ወደ ፀሐይ አዞሯት፣ ወደ ጥላ አዞሯት። ሞተሩን በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ገፋ ለቀቅ አደረጉት። እምቢ አለ። ያ አንቴና በሴኮንድ 134 ሺህ ቢት (የመረጃ ቅንጣት) እንዲልክ ነበር የታሰበው። የቀረላቸው ትንሿ አንቴና ናት፤ እሷ ደግሞ በዚያ ርቀት የምትልከው ጥቂት ቢት ብቻ ነው። እንግዲህ እጅህ የማይደርስበት ዕቃ ሲበላሽ ምን ታደርጋለህ? የመንኮራኩሯን ሶፍትዌር ከምድር እንደገና ጻፉት። ፎቶውን ጨምቃ እንድትልክ አስተማሯት። ምድር ላይ ያሉ ትልልቅ ዲሾችን አንድ ላይ አያይዘው አዳመጧት። እንዲህ ተደርጎ እስከ 160 ቢት ደረሰ። በዚያች ጭላንጭል ነው ስምንት ዓመት የሠራችው። በዚያች ጭላንጭል ነው ዩሮፓ በምትባለው ጨረቃ በረዶ ሥር ጨዋማ ባሕር እንዳለ ጠንካራ ማስረጃ የላከችው። ማሽኑን መንካት ቢያቅታቸው የሚናገርበትን መንገድ ቀየሩለት። እኔ ሥራዬን እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ደግሞ ለጠጋኝ ጆሮ የበለጠ ይጣፍጣል። ሚያዝያ 2023 አውሮፓውያን ጁስ የሚባል መንኮራኩር ላኩ። በረዶ ሰንጥቆ የሚያይ ራዳር አለው። አንቴናው 16 ሜትር ነው፤ ታጥፎ ነው የሄደው። ሲዘረጋ አንዲት ትንሽ ፒን ያዘችው። ሳምንታት አለፉ። በሞተር ነቀነቁት። ወደ ፀሐይ አዙረው አሞቁት። በመጨረሻ ከጎኑ ያለውን ሌላ መልቀቂያ ሆን ብለው አስተኮሱ። ንዝረቱ ፒኗን በሚሊሜትር አንቀሳቀሳትና አንቴናው ተዘረጋ። ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ቴሌቪዥኑን ከጎኑ መቱት። ይህን ጥበብ እኛ ከአያቶቻችን ተምረነዋል።

የጁኖን ካሜራ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጁኖ በ2016 ጁፒተር ደርሳ ለዓመታት በዙሪያው ስትሠራ የኖረች የናሳ መንኮራኩር ናት። ካሜራዋ የተሠራው ለስምንት ዙር ነበር። 47 ዙር ድረስ ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ ፎቶው መንጠባጠብ፣ መሰንጠቅ ጀመረ፤ በ56ኛው ዙር ፎቶዎቹ ሁሉም ማለት ይቻላል ተበላሽተው ነበር። እንግዲህ አዮ በምትባለው እሳተ ገሞራ በማያቆምባት ጨረቃ አጠገብ፣ 1,500 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ታኅሣሥ 2023 መጨረሻ ማለፏ ነው። ቀን ቀርቷል። ምን አደረጉ? የካሜራውን ማሞቂያ እስከ ጥግ ከፈቱት። ሙቀቱ የተጎዳውን ክፍል አሽሎት የአዮ ተራሮች ጥርት ብለው መጡ። ሱቄ መጥታችሁ ብታዩ የሞተ ቦርድ በሙቅ አየር ሳሞቅ ታገኙኛላችሁ። «ይሄ ሰውዬ ይገምታል» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ናሳም ይገምታል ልላቸው ነው። ካሜራው ከወራት በኋላ መልሶ ታመመ። የኔም ቦርዶች እንዲሁ ናቸው።

ካሜራውን የሚገድለው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ጨረር ነው። ጁፒተር ከምድር ክብደት 318 እጥፍ አለው፤ ግን በራሱ ላይ አንድ ጊዜ ለመዞር 10 ሰዓት አይሞላበትም። መግነጢሱ ከባድ ነው። ከአዮ እሳተ ገሞራ የሚወጣውን ጋዝ ይዞ፣ እያሽከረከረ፣ ትራንዚስተር የሚያቃጥል ማዕበል ያደርገዋል። ስለዚህ የጁኖን ኮምፒውተር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የቲታኒየም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ዩሮፓ ክሊፐር የምትባለው አዲሷ መንኮራኩር በ2024 ልትነሳ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ትራንዚስተሮቿ ጨረሩን ላይችሉ ይችላሉ ተባለ። ድንጋጤ ሆነ። ቢፈተኑ፣ ዙሯ ሰፊ ስለሆነ ከጨረሩ ወጥታ በምትቆይባቸው ቀናት ትራንዚስተሮቹ ራሳቸው ያገግማሉ። ጥቅምት 14 ቀን ተነሳች።

ስለ ሶላርም አንድ ነገር። ደላንታና ወግዲ ድረስ እየሄድኩ ሶላር የገጠምኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ይህን ሳልናገር ብቀር ያመኛል። ጁፒተር ጋ የፀሐይ ብርሃን ከኛ 25 ጊዜ ያነሰ ነው። ጁኖ እያንዳንዳቸው 9 ሜትር የሚጠጉ ሦስት ክንፎች አሏት። ምድር አጠገብ ቢሆን ከ10 ኪሎ ዋት በላይ ይሰጡ ነበር። እዚያ ስትደርስ የሰጧት 500 ዋት ገደማ ነው። በዚያ የእንጀራ ምጣድ አይግልም። በዚያ መብራት ነው የምትሞቀውም፣ የምታስበውም፣ የምታወራውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

ጁፒተር ሬዲዮ ያሰራጫል። በ1955 በርክና ፍራንክሊን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሌላ ነገር ሲያዳምጡ የሆነ ድምፅ እየደጋገመ አስቸገራቸው። መኪና መስሏቸው ነበር። ኋላ ሲያጣሩ ጁፒተር ሆነ። የሚያሰራጨው ደግሞ በኛው አጭር ሞገድ ነው፤ 20 ሜጋኸርዝ አካባቢ። ከዜናው ጣቢያዎች ብዙም አይርቅም። ዋናዋ ቀስቃሽ ያችው አዮ ናት። በጁፒተር መግነጢስ ውስጥ በየ42 ሰዓት ተኩል አንድ ጊዜ ስትዞር ልክ እንደ ዲናሞ ትሆናለች። በሚሊዮን የሚቆጠር አምፔር ይፈስሳል። የዚያ ጩኸት እኛ ጋ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተጉዞ ይደርሳል።

ድምፁ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀስ ብሎ መጥቶ የሚመለስ ነው፤ ነፋስ ሲኖር የሐይቅን ዳርቻ እንደሚመታው ውኃ። ሌላው ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በእፍኝ ጠጠር እንደመበተን፣ ወይም እንደ ፈንዲሻ። እኔ ወጣት ሆኜ ሌሊት ጣቢያ ስፈልግ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ «ምን ሆነ ይሄ ሬዲዮ» ብዬ መታ መታ አድርጌው ይሆን እያልኩ አሁን አሁን ያስቆጨኛል።

ለማዳመጥ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ሰባት ሜትር ገደማ የመዳብ ሽቦ፣ መሃሉ ላይ ተቆርጦ ኬብል የተያያዘበት። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና። አንድ መቀበያ። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ። ናሳ ሬዲዮ ጆቭ በሚባል ፕሮግራም ተማሪዎችን እንዲህ እያደረገ ሲያስተምር ቆይቷል። ወሎ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። ከምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ጁፒተር አናታችን አጠገብ ያልፋል። ተራራው የከተማውን የሬዲዮ ጫጫታ ይከልላል። ርካሽ ቻርጀርና አምፖል ሞገዱን እንደሚረብሹ ማንም ጠጋኝ ያውቃል። መብራት ሲጠፋ ሬዲዮ ይጠራል። መብራት መጥፋቱ ጠቅሞን አያውቅም ነበር፤ አሁን ሊጠቅመን ነው።

ሽቦው አለኝ። አጣናውም አለ። ችግሬ መቀበያው ነው።

አንድ ዘመድ ከውጭ አገር ላከልኝ። አውራ ጣት የምታክል ናት፤ ላፕቶፕ ላይ ትሰካለች። አታስተላልፍም፤ መስማት ብቻ ነው ሥራዋ። አንድ መሥሪያ ቤት ያዛት። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ሰዎቹም ሥራቸው ነው። «ይህ ዕቃ ለምን ይጠቅማል?» አለኝ ልጁ። እውነቱን ተናገርኩ። «ጁፒተርን ለማዳመጥ።» ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ በትሕትና «አባባ፣ ከሚመለከተው ተቋም የድጋፍ ደብዳቤ ያምጡ» አለኝ። የሚመለከተው ተቋም ማነው? አንዱ ጋ ሄድኩ፤ እኛን አይመለከትም። ሌላው ጋ ሄድኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስተኛው ጋ ያለችው ልጅ ከልቧ አሰበችልኝና «ጁፒተር የማን ሥር ነው?» አለች። እኔም ጠፋኝ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ በአገራችን ጁፒተር የናንተ ሥር ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። ትምህርት ቤቶችና የሳይንስ ክበቦች ይህን መቀበያ ሲያስገቡ የሚያሳዩት አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ዕቃው የሚያዳምጥ እንጂ የሚያስተላልፍ አለመሆኑ፣ ለምን እንደሚውል፣ የትኛውን ሞገድ እንደሚሰማ ይገለጽበት። ማኅተም ይኑረው። ማኅተሙ በተለይ ይኑረው። ከተቻለ ደግሞ አንቴናው እንዴት እንደሚሰቀል በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ አያይዙበት፤ ጊዜ ከሌላችሁ እሱን እኛ እንጽፈዋለን፣ እናንተ አርሙልን። ገንዘብ አልጠየቅሁም።

«ወሎ ይህ ሁሉ ጎድሎባት ጁፒተር?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ይጠየቅ። በኛ አቆጣጠር በ2014ቱ ጦርነት እኔም ሱቄን ባዶ ግድግዳ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ መበየጃ እንኳ አልተረፈም። ቤተ ሙከራ የጠፋባቸው ትምህርት ቤቶች ስንት ናቸው። ለዚያ ነው ሽቦና አጣና የምለው። ማይክሮስኮፕ ቢመጣ እሰየው። እስኪመጣ ድረስ ግን ልጆቹ በእጃቸው የሠሩት ነገር 600 ሚሊዮን ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ካለ ቦታ ድምፅ ቢያመጣላቸው ምን ይከፋል? ሲበላሽም ራሳቸው ይጠግኑታል። የልጅቷ ጥያቄ እኮ ይኸው ነበር።

ደግሞ እናንተ ለጁፒተር ወገኖች እንግዳ አይደላችሁም። በ2019 አገሮች ሁሉ ለሩቅ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም ሲያወጡ፣ ኢትዮጵያ ኮከቡን ቡና፣ ፕላኔቱን አቦል ብላ ሰየመች። አቦል ከጁፒተር የሚከብድ ግዙፍ ፕላኔት ነው። ይህን ለቡና ጠጪዎቻችን ስነግር አንዲት እናት «ጨረቃ ካለው እንግዲህ ቶናና በረካ ናቸዋ» አሉ። ወሎ ውስጥ አቦል ብቻ ጠጥቶ የሚነሳ እንደ ጥል ስለሚቆጠር ሐሳባቸው ተገቢ ነው። በኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 2012 ደግሞ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን የዓለም ዓይን ወደኛ ነበር። እኛ ሰማይ ማየት አልቸገረንም። መስማቱ ነው የቀረን።

ጊዜው ግን ይሄዳል። ዩሮፓ ክሊፐር ጁፒተር የምትደርሰው በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2022 ነው። 49 ጊዜ በዩሮፓ አጠገብ ታልፋለች፤ በረዶው ሥር ያለው ውኃ ከምድር ውቅያኖሶች ሁሉ እጥፍ ይሆናል ነው የሚሉት። ጁስ ደግሞ በኛው አቆጣጠር ሐምሌ 2023 ይከተላል። እሱ መጨረሻ ላይ ጋኒሜድን ይዞራል፤ ከሜርኩሪ የምትበልጠውን ጨረቃ። ያቺ ዘጠነኛ ክፍል ያገኘኋት ልጅ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትሆናለች። መንኮራኩሮቹ ከዚያ መረጃ ሲልኩ እሷ የጁፒተርን ድምፅ ከዓመታት በፊት ጀምሮ የምታውቀው ቢሆን ደስ ይለኛል።

መቀበያዋ እዚያው መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ናት። ደረሰኟ ኪሴ ውስጥ አለ። ሽቦውን ባለፈው እሑድ ከልጅቷና ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሱቁ ጣሪያ ላይ ሰቅለነዋል። ጎረቤቴ የልብስ ማስጫ መስሎት አንሶላ ሰቀለበት። አውርድ አላልኩትም፤ ደብዳቤያችሁ እስኪደርስ ይድረቅበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደሴ ሬዲዮ ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለዘጠነኛ ክፍሏ ተማሪ
ደሴ